ሦስቴ ሞክሮ ዜሮ ያገኘው ጉልበተኛ

በዛሬው የስፖርት አምዳችን ስለ ታዋቂው ብረት አንሺ ስለ ቫሲሊ አሌክሴዬቭ አጫውታችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እንዴት እንዳወቅሁት ልንገራችሁ።

ባለፈው የጥያቄና መልስ ውድድር ክፍላችንን ወክዬ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሦስት ጥያቄ ደረሰኝ፤ ሦስቱንም ሳትኩ። ዜሮ! ያያችሁኝ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም። የስፖርት መምህራችን ጠሩኝና «የዓለም ጉልበተኛ የተባለ ሰውም ሦስቴ ሞክሮ ዜሮ ወጥቷል። ታሪኩን አንብብና ለሚኒ ሚዲያ ጻፈው» አሉኝ። እኔም አነበብኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሌክሴዬቭ በ1942 ሩሲያ ውስጥ ተወለደ። የተወዳደረው ለሶቭየት ኅብረት ነው። ምድቡ ከባድ ሚዛን ሲሆን የራሱ ክብደት ብቻ ከ150 ኪሎ በላይ ነበር፤ አንድ ኩንታል ተኩል ማለት ነው!

ክብደት ማንሳት ዝም ብሎ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሕግ አለው። ሁለት ዓይነት አነሳስ አለ። አንደኛው ስናች ይባላል። ብረቱን ከመሬት ብድግ አድርጎ ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማድረስ ነው። ሁለተኛው ክሊን ኤንድ ጀርክ ነው። መጀመሪያ ብረቱን ትከሻ ላይ ያሳርፉታል፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ይገፉታል። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ይሰጣል። የሁለቱ ውጤት ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። ድሮ ፕሬስ የሚባል ሦስተኛ አነሳስ ነበር፤ ዳኞች ለመዳኘት ስለተቸገሩ ከ1972 በኋላ ቀረ።

አሌክሴዬቭ በ1970 በሦስቱ አነሳሶች ድምር 600 ኪሎ ያነሳ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1972 በሙኒክ፣ በ1976 ደግሞ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ሞንትሪያል ላይ በክሊን ኤንድ ጀርክ 255 ኪሎ አነሳ። እስቲ አስቡት፣ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ 250 ኪሎ ነው። እሱ ከዚያም በላይ ነው ያነሳው!

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው 80 ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። እንዴት 80 ጊዜ? ብዙውን ጊዜ የሚጨምረው ግማሽ ኪሎ ብቻ ስለነበር ነዋ! በ1970 በክሊን ኤንድ ጀርክ ከ227 ኪሎ በላይ አነሳ። በ1977 ደግሞ 256 ደረሰ። ደብተሬ ላይ ቀነስኩት፤ ልዩነቱ 29 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ለዚያች ጭማሪ ሰባት ዓመት ለፍቷል።

ከዚያ በ1978 ተጎዳና ከውድድር ራቀ። በ1980 በገዛ አገሩ ዋና ከተማ በሞስኮ ኦሊምፒክ ተመልሶ መጣ። የእኛው ምሩጽ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘበት ኦሊምፒክ ማለት ነው። አሌክሴዬቭ በስናች 180 ኪሎ አስጫነ። በሞንትሪያል 185 አንስቶ ስለነበር ይቻለኛል ብሎ ይሆናል። አንደኛ ሙከራ፣ አልሆነም። ሁለተኛ፣ አልሆነም። ሦስተኛም አልሆነም። ያለ ምንም ውጤት ወጣ። ወርቁን የወሰደው የአገሩ ልጅ ሱልጣን ራክማኖቭ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን አላለቀም። በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ፣ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባገኘችበት ማለት ነው፣ አሌክሴዬቭ የቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት አገሮች ጥምር ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። ተጫዋቾቹ በክብደት ማንሳት አምስት ወርቅ አገኙ። እሱ ራሱ ያቃተውን ለሌሎች አስተማረ። በ2011 በ69 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለመምህራችን አሳየኋቸው። «አንተስ ምን አሰብክ?» አሉኝ። በቀን አንድ ጥያቄ ብቻ እየጨመርኩ ላጥና ወሰንኩ፤ የእኔ ግማሽ ኪሎ እሷ ናት። ትናንት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጄን አወጣሁ። መልሱን ግማሹን ሳትኩት፤ ግን ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ላይ ውድድሩ ሲመጣ እንደገና እመዘገባለሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል