ማይል በየትኛው መዝገብ ይቆጠር?

ከሐዋሳ ተነሥቶ ለንግድ ወደ ውጭ አገር የሚመላለስ ሰው፣ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪም ሆነ የሲዳማ ቡና ላኪ፣ አስቀድሞ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። 275 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን መንገድ በመኪና ቢሄድ ማይል አይቆጠርለትም፤ በአይሮፕላን ቢሄድ ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያችን አጭር በረራ እንኳ ሼባማይልስ በተባለው የደንበኞች መዝገቡ ያሰፍርለታል። ከቦሌ ወዲያ ምርጫው ይበዛል። ወደ ዱባይ ኤምሬትስ፣ ወደ ኢስታንቡል የቱርክ አየር መንገድ ደንበኛውን ይሻሙታል። ረከስ ያለ ቲኬት በቀረበ ቁጥርም፣ መዝገቡን ማዛወር ይሻላል ወይስ በነበሩበት መጽናት የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1973 ዓ.ም. የራሱን መዝገብ ከከፈተ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል። ዓላማውም መንገደኛው በየጊዜው ዋጋ ሳያማርጥ ወደዚያው አየር መንገድ እንዲመለስ ነው። ባለሱቅ ለቋሚ ደንበኛው ምርቃት የሚጨምረው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ነጋዴን ሊያስደንቀው አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መዝገቡ ሁለት ሒሳብ እንዳለው ባለመገንዘቡ ነው። አንደኛው ሒሳብ ነጻ ቲኬት የሚወሰድበት ማይል ነው። ይህ ማይል የጊዜ ገደብ አለው፤ ከአንዱ ድርጅት መዝገብ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ነጻ በሚባለው ቲኬት ላይም ቢሆን የአይሮፕላን ጣቢያ ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። ሁለተኛው ሒሳብ ማዕረግ ነው። በሼባማይልስ ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲኒየም የተባሉ ደረጃዎች አሉ። ወደ ማዕረግ የሚያደርሰው ቁጥር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልሞላ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።

ለነጋዴ የሚበልጠው ሁለተኛው ሒሳብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ ከሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ገብቷል። በማኅበሩ የወርቅ ማዕረግ ያለው መንገደኛ፣ ጓዝ በክብደት በሚመዘንበት መሥመር 20 ኪሎ፣ በሻንጣ ቁጥር በሚታሰብበት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ከጓንዡ ናሙና ተሸክሞ ለሚመለስ አስመጪ፣ ይህ በየጉዞው የሚቆጠር ገንዘብ ነው፤ ላውንጅ ተቀምጦ ቡና መጠጣቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ አንድ አስመጪ በዓመት አራት ጊዜ ወደ ጓንዡ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ዱባይ ይመላለሳል እንበል። የብር ማዕረግ አለው፤ ወደ ወርቅ ለመድረስ ጥቂት ቀርቶታል። የዱባዩን ጉዞ ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ ወደ ኤምሬትስ ቢያዞር፣ ኤምሬትስ የማኅበሩ አባል ስላልሆነ በሼባማይልስ የሚመዘገብለት ነገር የለም። በዓመቱ መጨረሻ የሚያገኘው ሁለት ጎዶሎ ጆንያ ነው፤ አንዱም ለሽያጭ አይበቃም። የቲኬቱ ቅናሽ ለትርፍ ጓዝ ከሚከፍለው የሚበልጥ ከሆነ ግን ያለ ሐሳብ ይሂድ። ወርቅ ለመባል ብሎ በውድ ዋጋ መብረር፣ ምርቃት ለማግኘት ሲሉ የማይፈልጉትን ዕቃ መግዛት ነው። ጉዞው በአብዛኛው ወደ ዱባይ ለሆነ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሦስተኛ መንገድም አለ። አየር መንገድ ሳይለውጡ መዝገብ መለወጥ ይቻላል። የቱርክ አየር መንገድ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያው ማኅበር አባል ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ አይሮፕላን የበረረ ሰው ማይሉን በቱርኩ መዝገብ ሊያስቆጥር ይችላል፤ ወደ ኢስታንቡል ዘወትር ለሚሄድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሊስማማው ይችላል። ነገር ግን አንድ በረራ በአንድ መዝገብ ብቻ ይቆጠራል። ደግሞም በቲኬቱ ላይ የተጻፈችው የማዕረግ ፊደል መታየት አለባት፤ በርካሽ ቲኬት አንዱ መዝገብ ሙሉውን ማይል ሲሰጥ ሌላው ሩቡን ብቻ፣ አልፎ አልፎም ምንም የማይሰጥበት ጊዜ አለ። የቲኬት ወኪሉ ይህን ከመክፈል በፊት ቢጠየቅ ይናገራል፤ ከተከፈለ በኋላ የሚጠይቀው ሰው ብዙ ነው።

ማዛወር የቆረጠ ሰው በአሮጌው መዝገብ የተጠራቀመውን ማይል ጊዜው ሳያልፍ ቲኬት ያውጣበት። አንዳንድ አየር መንገዶች የተወዳዳሪያቸውን ማዕረግ አይተው ተመሳሳይ ማዕረግ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚሰጡ፣ አሮጌው ካርድ ዋጋ ሳያጣ ማመልከት ይገባል። አዲሱን ቅጽ ሲሞሉም ስሙ በፓስፖርቱ እንደሰፈረው፣ የአባትና የአያት ስም ሳይቀር፣ በላቲን ፊደል አንድ ሆሄ ሳይለወጥ ይጻፍ። በአንድ ሆሄ ልዩነት ማይል ሳይመዘገብ ሊቀር ስለሚችል፣ ሒሳቡ በመዝገቡ ላይ እስኪታይ ድረስ የመሳፈሪያ ካርዱ ጉራጅ ከደረሰኞች ጋር በፋይል ይቀመጥ።