ወደ አዲስ አበባ ለምትዛወሩ ቤተሰቦች፦ ቤቱን በመጨረሻ ፈልጉት

ሚያዝያ ከገባ ጀምሮ የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ነው። «ባለቤቴ ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ደርሶታል፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ የትኛው ሰፈር ይሻለናል?» ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከጎንደር ትጽፉልኛላችሁ። እኔም ከሐዋሳ ቤቴን ነቅዬ የመጣሁ ስለሆንኩ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ለእያንዳንዳችሁ መመለሱ ስላቃተኝ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሰፈር አትምረጡ። የልጆቹን ትምህርት ቤት ምረጡ፣ ቀጥሎ ከትምህርት ቤቱ ወደ ሥራ የሚወስደውን መንገድ እዩ፣ ቤቱን በመጨረሻ ፈልጉት። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ደላላ በቴሌግራም የሳሎን ፎቶ ይልካል፣ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ቀብድ ይከፈላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ፍለጋ ሲወጣ በአካባቢው ያለው ወይ ሞልቷል ወይ አቅም አይፈቅደውም። ከዚያ ልጁ ከተማ አቋርጦ ይማራል።

ትልቅ ሰው መንገድ ይችላል። ሁለት ታክሲ ይቀያይራል፣ ተጋፍቶ ይሳፈራል፣ ቢያረፍድም ለአለቃው ሰበብ ይፈልጋል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አይችልም። ሁለት ሰዓት ለሚጀምር ትምህርት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት የሚቀሰቀሱ ልጆች እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ናቸው። «ሰርቪስ አለው» ስትባሉ ደግሞ ወዲያው አትደሰቱ። ሾፌሩ ልጆቹን የሚለቅመው በየተራ ነው፣ መጀመሪያ የተለቀመው ልጅ የመጨረሻው እስኪለቀም ድረስ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ጥያቄው «ሰርቪስ አላችሁ ወይ?» ሳይሆን «የእኛ ቤት በስንተኛ ተራ ነው የሚደረሰው?» መሆን አለበት። ይህን ስጠይቅ አንዱ የትምህርት ቤት ሠራተኛ እየሳቀ «እንዲህ የጠየቀን ወላጅ የለም» ብሎኝ ነበር።

የግል ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ ነባር ተማሪዎቻቸውን ይመዘግባሉ፣ የሚተርፈውን ወንበር ነው ለአዲስ የሚሰጡት፣ ብዙዎቹም መግቢያ ፈተና አላቸው። ስለዚህ አንዳችሁ በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጥታችሁ ጠይቁ እንጂ ዕቃ ጭናችሁ ስትመጡ አትጀምሩት። መልቀቂያ፣ የውጤት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት አሟልታችሁ ያዙ። ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ካላችሁ ፈተናውን እዚያው ባለበት ጨርሶ ቢመጣ ይሻላል፣ በዓመቱ መሐል ማዛወር የፈተና ምዝገባውን ያመሰቃቅልባችኋል። የመንግሥት ትምህርት ቤትንም ሳታዩት አትናቁት። በከተማዋ የመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይመገባሉ። በስሙ ብቻ ውድ ከሆነ የግል ትምህርት ቤት የሚሻሉም አሉ። ግቢው ገብታችሁ የአንዱን ክፍል ተማሪ ብዛት በዓይናችሁ ቁጠሩ፣ መጸዳጃ ቤቱንም እዩ።

አሁን ወደ መንገዱ። አዲስ አበባን ለማታውቁ እንዲህ አድርጋችሁ አስቡት። በምሥራቅ በኩል ያሉት ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት፣ ጎሮና አራብሳ ወደ መሐል ሲመጡ ወይ መገናኛ ላይ ወይ በገርጂ በኩል ይታፈናሉ። በደቡብ ምዕራብ ያሉት ጀሞና ለቡ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ሳሪስ ይፈሳሉ። ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የሳሪስና የጎተራ መንገድ እጅ ላይ ናቸው። አየር ጤና፣ ዓለም ባንክና ቤተል ደግሞ የሚጠብቁት ጦር ኃይሎችን ነው። ከዚህ ሁሉ የምትይዙት አንድ ነገር ነው፦ ሥራውና ትምህርት ቤቱ ከከተማዋ በአንድ ወገን ይሁኑ። አያት ተኝቶ ሜክሲኮ የሚሠራ፣ ልጁን ደግሞ ጀሞ የሚያስተምር ቤተሰብ ትዳሩም ያሰጋዋል (ይህን እንደ ቀልድ አትውሰዱት)።

ደላላው ቤት የሚያሳያችሁ እሑድ ነው፣ ካልሆነም ረፋድ አራት ሰዓት ላይ። በዚያ ሰዓት ከአያት መገናኛ መድረስ ለመዝናናት ይጋብዛል። እናንተ ግን ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሩ ታክሲ ተራ ሄዳችሁ ቁሙ። እኔ ሰሚት አካባቢ እንዲህ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰልፉ አጥር ተከትሎ ታጥፎ መጨረሻው አይታይም። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች የእናቶቻቸውን ነጠላ ይዘው ያንቀላፋሉ። ሚኒባስ ሲመጣ ወያላው «መገናኛ» አይልም፤ መሐል መንገድ ላይ ያለ ቦታ ይጠራል። ታፔላው መገናኛ ይላል፣ እሱ ግን ቆርጦ ይጭናል። እዚያ አውርዶ እንደገና ይጭናል፣ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ይህን የቤት ኪራይ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። ርካሽ ቤት ብላችሁ ያተረፋችሁትን ታክሲ መልሶ ይወስደዋል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ጠዋትና ማታ የመንግሥት ሠራተኛን በመታወቂያ በነፃ ያመላልሳል። በየትኛው ሰፈር በኩል እንደሚያልፍና ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የምትሄዱበትን መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ጠይቁ። ባለቤቴ ሥራው መገናኛ አካባቢ ነው፣ እኛም ሰፈር ስንወስን ከትምህርት ቤቱ ቀጥሎ ያሰላነው ይህንኑ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ካርታ ላይ ሲታይ ችግሩን ሁሉ የፈታ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ለዓመታት በመቆማቸው ጠዋት ላይ መጋፋት ግድ ነው። ልጅ ይዛችሁ አትተማመኑበት።

እንግዲህ ቤት። ጀሞ አንድ ቤት አሳይተውን ነበር። ሦስት መኝታ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ፀሐይ የሚገባበት። ልቤ እዚያው ቀረ። ትምህርት ቤቱና የባለቤቴ ሥራ ግን በምሥራቅ በኩል ስለነበሩ ትተነው ከሲኤምሲ ጀርባ ሁለት መኝታ ያለው ኮንዶሚኒየም ወሰድን። እናቴ መጥታ ስታየው «የሐዋሳውን ግቢ ጥለሽ ለዚህ ነው?» አለችኝ። ልጆቹ በእግራቸው ትምህርት ቤት ሄደው በእግራቸው ሲመለሱ ካየች በኋላ ጥያቄውን አልደገመችውም።

ስለ ቤት ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ውሃ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው፣ ለሁሉም ስለማይበቃ በፈረቃ ይታደላል። አከራይ «ውሃ ችግር የለም» ይላችኋል። ደላላም እንደዚያው። እውነቱን የሚያውቀው ጥበቃው ነው። አንድ ብሎክ ሥር የተቀመጡትን አዛውንት ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» አልኳቸው።

«ስንተኛ ፎቅ ነው የምትከራዪው ልጄ?»

«አራተኛ።»

«እንግዲያው የሚመጣው አንቺን አይመለከትሽም። ለታችኞቹ ረቡዕና ቅዳሜ ሌሊት ይመጣል፣ አራተኛ ለመውጣት ግን ጉልበት የለውም።»

በአንድ ጥያቄ ከአንድ ዓመት ጄሪካን መሸከም አዳኑኝ። ስለዚህ ሮቶው የግል ነው ወይስ የጋራ፣ ፓምፕ አለ ወይ፣ ፓምፑ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል ብላችሁ ጠይቁ። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የምትከራዩ ከሆነ የመብራት ቆጣሪው የራሳችሁ ነው ወይስ ከአከራይ ጋር የጋራ የሚለውን አትርሱ። የጋራ ከሆነ እንጀራ በጋገራችሁ ቁጥር ፊት ታያላችሁ።

ደላላ «ቦሌ ነው» ሲላችሁ የትኛው ቦሌ በሉት። ቦሌ አራብሳና ቦሌ ቡልቡላ ስማቸው ቦሌ ቢሆንም ኤርፖርት መንገድ ላይ አይደሉም፤ አራብሳማ አሁን ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው።

ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ የምታስቡም አላችሁ። እነዚህ በኦሮሚያ ክልል ሥር በ2015 ዓ.ም. የተዋቀረው የሸገር ከተማ አካል ናቸው። ኪራያቸው ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ ግቢያቸውም ሰፋ ይላል። ግን የምታወጡት መታወቂያ የአዲስ አበባ አይደለም፣ የቢሮ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹም የክልሉን ሥርዓት ነው የሚከተሉት። ከአዳማ ወይም ከጅማ የምትመጡና ቋንቋውን የምትችሉ ከሆነ ይህ ለእናንተ ጥቅም ነው፣ ልጆቻችሁ የጀመሩትን ይቀጥላሉ። የማትችሉ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ አውቃችሁ ግቡ። አንዳንድ ቦታ ድንበሩ አንድ አስፋልት ብቻ ስለሆነ ቤቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ወረዳውን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ስለ ውል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አከራዩ ባያነሳውም እናንተ አንሱት። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የስድስት ወር ካላመጣችሁ የሚሉ አከራዮች ዛሬም አሉ። ልጅ ላለው ሰው የሁለት ዓመቱ ነገር ከዋጋውም በላይ ነው፤ በየዓመቱ ቤት መቀየር በየዓመቱ ትምህርት ቤት መቀየር ነውና። ከቀድሞው ቀበሌያችሁ መሸኛ ይዛችሁ ኑ፣ ፋይዳም ካላወጣችሁ እዚያው አውጡ። ቤቱ ዋና መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ የኮሪደር ልማት ይነካዋል ወይ ብላችሁ ወረዳ ጠይቁ። ፒያሳና ካዛንቺስ ትናንት የነበሩ ቤቶች ዛሬ የሉም።

ብርዱን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። እኛ ሐዋሳን የለመድን ሰዎች ለእንጦጦ ግርጌ አልተፈጠርንም። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ዝቅተኛ ጎን ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይጠጋል፤ ሽሮ ሜዳና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሐምሌ ላይ ቃሊቲን አይመስሉም። ቃሊቲ ሞቅ ይላል፣ ግን የፋብሪካና የከባድ መኪና መንገድ ነው። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ሁለቱንም አስቡበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በሒሳብ የማይገባ። ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ያለበት ሰፈር ከሌላው ጋር እኩል ከሆነ ያንን ውሰዱ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ልጅ ታሞ ከትምህርት ቤት ሲደወል፣ እናትም አባትም መንገድ ተዘግቶባቸው ሲቀሩ፣ ሄዶ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። እድር ቶሎ ግቡ። ተከራይ ነን ብላችሁ አትሸማቀቁ፣ ብዙ እድሮች ተከራይን ይቀበላሉ፣ ሰው የምታውቁትም እዚያ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚነቀፍበት ብዙ ነገር አለው፣ ልጆች ግን ግቢው ውስጥ በሳምንት ውስጥ ጓደኛ ያገኛሉ። ግቢ ዘግቶ መኖር የለመደ ቤተሰብ ይህን ሲያይ ይገረማል።

ከእንግዲህ የምትጽፉልኝ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ሥራው የት ነው፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ናቸው፣ ለኪራይና ለትምህርት ቤት በአንድ ላይ በወር ስንት ማውጣት ትችላላችሁ። «ጥሩ ሰፈር ጠቁሚን» ብቻ ብላችሁ ለላካችሁልኝ መልስ የለኝም። ቤት አላከራይም፣ ኮሚሽን አልቀበልም፣ በስሜ ቀብድ የሚጠይቃችሁ ካለ ሌባ ነው።