የወፈረ አውራ በግና የመራባት አቅሙ
አውራ በግዎ አምሮበት፣ ሴቶቹን ማጥቃት ግን ከሰነፈ አስቀድመው ገንዳውን ይመልከቱ። የሆርሞን መድኃኒት አይፈልጉለት።

ሜላቶኒን በጨለማ ጊዜ አንጎል ውስጥ ካለች ትንሽ ዕጢ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። በሰሜን አውሮፓ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከ8 ሰዓት ይበልጣል፤ ሌሊቱ ሲረዝም ሜላቶኒን የአውራውን ወንዴ ሆርሞን ያነቃቃል። አርቢዎቹም ወቅቱን ለማስቀደም ሆርሞኑን ከጆሮው ሥር ይቀብሩለታል። ባቱ ላይ ልዩነቱ 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በጎቻችን ዓመቱን ሙሉ ይራባሉ።

ቅባት የበዛበት መኖ በተመገቡ አይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሜላቶኒን የተዛባውን ስኳርና ወንዴ ሆርሞን ሲያሻሽል ታይቷል። ለበግ ግን መኖውን ማስተካከል ይቀላል፣ ይረክሳልም።

አውራውን ለበዓል ከሚደልቡት ጋር በአንድ ገንዳ አይቀልቡ። ቆለጥ ከሰውነት ሙቀት ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ በቆለጡ አንገት የሚከማች ስብ ግን ሙቀቱን ያፍነዋል። የሸለቆው ፀሐይ ሲጨመርበት ዘሩ ይበላሻል። የወገቡን አጥንት ይዳስሱ፦ ጫን ብለውም ካላገኙት ወፍሯል። ፉርሽካውንና በቆሎውን ቀስ በቀስ ቀንሰው ድርቆሽና የቦሎቄ ገለባ ይስጡት፤ ቀን ከግራር ጥላ ያሳርፉት። አዲስ ዘር ተመርቶ እስኪበስል 2 ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከሴቶቹ ጋር ከመቀላቀሉ ከዚያ በፊት ይጀምሩ።