ብርቅ ሽጉጥ በምን ይለያል?

የጥንት ሽጉጥ ብርቅነት በዕድሜው አይለካም። መቶ ዓመት ያለፈው ሽጉጥ በየአገሩ ሞልቶ ሲገኝ፣ ከእሱ በኋላ የተሠራው ደብዛው ሊጠፋ ይችላል። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ተሠርቶ እንደነበር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ፣ እንዴት ያለ ሆኖ እንደተረፈ መጠየቅ ቀጥሎ ይመጣል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ከማመሳከሪያ መጽሐፍ የተሻለ መልስ የለም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የጀርመኑ ማውዘር ሲ96 ነው። ካዝናው ከቃታው ፊት የተቀመጠ፣ እጀታው እንደ መጥረጊያ እንጨት ክብ የሆነ፣ የእንጨት ማኅደሩ ሰደፍ ሆኖ የሚያገለግል ሽጉጥ ነው። በመቶ ሺዎች ስለተመረተ በጥቅሉ ሲታይ ብርቅ ሊባል አይችልም። ብርቅ የሚሆነው ለማን እንደተሠራ ሲታወቅ ነው።

ዛሬ በእስራኤል የምትገኘው የሐዴራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1891 ስትቆረቆር አገሩ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበር። ከተማዋ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላት የኦቶማን መንግሥት ከማውዘር ፋብሪካ 1,000 ሽጉጥ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1967 እንደታተመው "ሲስተም ማውዘር" ያሉ ስለዚህ ሽጉጥ የተጻፉ መጻሕፍት ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ ለይተው ያስቀምጣሉ። በቱርኮቹ ሽጉጥ ላይ የሱልጣን አብዱል ሐሚድ 2ኛ ምልክትና 1314 የሚል ዓመት ይታያል፤ የማነጣጠሪያው ቁጥሮችም የተጻፉት በምሥራቁ የዐረብ አኃዝ ነው። 1314 የኦቶማኖች የዘመን አቆጣጠር ነው፤ በሁለት የዘመን አቆጣጠር ለኖረ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ተከታታይ ቁጥሩ ግን ብቻውን አያስተማምንም። የቱርኮቹ ከ1 እስከ 1,000 ተቆጥረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ለጣሊያን ባሕር ኃይል የታዘዙት 5,000 ሽጉጦችም እንደገና ከ1 ጀምረዋል። ስለዚህ ቁጥሩ 600 የሆነ ሽጉጥ የየትኛው ትዕዛዝ እንደሆነ የሚለየው ምልክቱ ነው። በአንጻሩ የሱልጣኑ ምልክት ያለበት ሽጉጥ ቁጥሩ 4,000 ከሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን መልሶ ኪሱ መክተት አለበት።

ስመ ጥር መሆንም ብርቅ መሆን አይደለም። የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1916 በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ 150,000 ማውዘር አዘዘ። ወታደሩ በተለመደው የ7.63 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዳይሳሳት እጀታው ላይ ትልቅ ቀይ 9 ተጻፈበት። ሰብሳቢዎች ይህን ሽጉጥ አጥብቀው ስለሚፈልጉት ዋጋው ውድ ነው፤ የታዘዘው ቁጥር ግን የቱርኮቹ 150 እጥፍ ነው። ቀዩን 9 ዛሬ ቀለም የያዘ ሰው ሁሉ ሊጽፈው ይችላልና መጽሐፉ ሌሎቹን ምልክቶች ማስተያየትን ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የዓይን ነው። በየክፍሉ የተመታው ቁጥር ከዋናው ጋር መግጠም አለበት። ብረቱ እንደገና ተወልውሎ ከሆነ የፊደላቱ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ እንዲህ ያለው ሽጉጥ ቢያብረቀርቅም ዋጋው ይወድቃል። በፋብሪካ ሳይሆን በእጅ ለተሠሩት የቀደሙ ሽጉጦች ደግሞ ዴንማርካዊው ዮሃን ስቶክል የየአገሩን ጠመንጃ ሠሪዎች ምልክት የሰበሰበበት መዝገብ አለ።

የምርት ቁጥር የማይገልጸው ብርቅነትም አለ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላከችው ሽጉጥ፣ ለአገሯ ቆንስል ለፕላውደን ስለተደረገው ቸርነት ምስጋና መሆኑ በብር ላይ ተቀርጾ፣ 1861 የሚል ዓመት (እ.ኤ.አ.) ተጽፎበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉት ንግሥቲቱ በሰጠቻቸው ሽጉጥ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ መሰሎቹ ስንትም ቢሆኑ እሱ አንድ ብቻ ነው። ይህን የሚያረጋግጠው የፋብሪካ ዝርዝር ሳይሆን ጽሑፉ፣ ደብዳቤውና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ታሪክ ነው።

ወደ ሐዴራ ስንመለስ፣ በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሐዴራ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ወይም የአያት ሣጥን ሲከፈት ሽጉጥ ቢገኝ፣ ጎርሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩ ፖሊስ መጥራት ይገባል። ዝገቱንም መፈግፈግ አያስፈልግም፤ ከመጽሐፉ ጋር የሚመሳከረው ምልክት ያለው ከሥሩ ነውና።