ንኡስ አንጎል በሽል ውስጥ የሚገነባበት ሥርዐት

ጫጩት ቅርፊቷን ሰብራ በወጣች ቀን ቆማ ትራመዳለች፤ ጥሬም ትለቅማለች። የሰው ልጅ ግን ብቻውን ቆሞ ለመራመድ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንደኛው ግን ንኡስ አንጎል ተሠርቶ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ይህ በሳይንስ ስሙ ሴሬቤለም የተባለው ክፍል ከራስ ቅል በስተኋላ፣ ከዋናው አንጎል ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃል፤ የጡንቻዎችንም እንቅስቃሴ ያስተባብራል። ከዚህ በታች አገነባቡንና መዘግየቱ የሚያመጣበትን አደጋ እንመለከታለን።

አከርካሪ ባላቸው እንስሳት ሁሉ አንጎል የሚጀምረው ከነርቭ ቱቦ ነው። የቱቦው የፊተኛ ጫፍ በሦስት ቦታ ያብጣል፤ እነዚህም የፊት፣ የመካከለኛና የኋላ አንጎል ይባላሉ። መካከለኛውና የኋላው በሚገናኙበት ቦታ ቱቦው እንደ ወገብ ይጠብባል። የዚህ ወገብ ሕዋሳት ኤፍ ጂ ኤፍ 8 የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ፕሮቲኑም በግራና በቀኝ ሳይሆን በፊትና በኋላ ላሉት ጎረቤት ሕዋሳት ምን እንደሚሆኑ ይወስንላቸዋል። ተመራማሪዎች ከጫጩት ሽል የዚህን ወገብ ቁራጭ ወስደው ወደ ፊት በተከሉት ጊዜ፣ በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት የቀድሞ ዕጣቸውን ትተው የመካከለኛ አንጎልን ወይም የንኡስ አንጎልን መልክ ይዘው ተገኝተዋል። ንኡስ አንጎል ራሱ የሚበቅለው ከወገቡ በስተኋላ ነው፤ በቱቦው ሁለት ጎኖች የሚወፍሩት ግድግዳዎች በመካከል ይገናኙና አንድ ይሆናሉ።

የግንባታው ዋና ልዩ ጠባይ ሕዋሳቱ ከሁለት ምንጭ መምጣታቸው ነው። የመጀመሪያው ምንጭ የቱቦው የውስጥ ግድግዳ ነው። የቼኩ ሊቅ ፑርኪንዬ እ.ኤ.አ. በ1837 የገለጻቸው ታላላቅ ሕዋሳት ከዚህ ተወልደው ወደ ውጭ ይጓዛሉ። ሁለተኛው ምንጭ ሮምቢክ ከንፈር የተባለው የግድግዳው ጠርዝ ነው። ከዚህ የሚወጡት ሕዋሳት በንኡስ አንጎል ገጽ ላይ ተሠራጭተው የውጭ ቅንጣት ሽፋን የሚባለውን ይሠራሉ።

በዚህ ሽፋን ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እየተከፈሉ በብዛት ይራባሉ። እንዲራቡ የሚገፋፋቸውም ከሥራቸው ካሉት የፑርኪንዬ ሕዋሳት የሚወጣው ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለ ፕሮቲን ነው። መከፈላቸውን ሲያቆሙ እያንዳንዱ ሕዋስ ጭራውን ከላይ ትቶ፣ ቤርግማን ግሊያ በሚባሉ ሕዋሳት ክር ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ውስጥ ይወርዳል። እንግዲህ አንዱ ወገን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ሌላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይጓዛል ማለት ነው። ከላይ የቀረው ጭራም ከፑርኪንዬ ቅርንጫፎች ጋር ይገናኛል። በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮን ያህሉ በንኡስ አንጎል የሚገኙ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ እነዚህ ቅንጣት ሕዋሳት ናቸው።

እየተራባ የሚሰፋ የውጭ ሽፋን በአዕዋፍና በአጥቢዎች የሚታይ ነው፤ ዓሦችና እንቁራሪቶች ግን ቅንጣት ሕዋሳትን የሚሠሩት ያለ እርሱ ነው። የሚያልቅበትም ጊዜ ይለያያል። በ21 ቀን በምትፈለፈለው ጫጩት አብዛኛው ሥራ በዕንቁላል ውስጥ ይፈጸማል፤ በአይጥ ከተወለደች በኋላ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ይዘልቃል፤ በሰው ግን ከተወለደ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል።

ይህ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። የድመት ፓንሊውኮፔኒያ ቫይረስ በመከፈል ላይ ያሉትን ሕዋሳት ስለሚያጠቃ፣ በማሕፀን ሳለች የተያዘች የድመት ግልገል ንኡስ አንጎሏ ሳያድግ ይቀርና ዕድሜዋን ሙሉ እየተንገዳገደች ትኖራለች። በሰው ፅንስ ደግሞ ንኡስ አንጎል በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት እጅግ በፍጥነት ስለሚያድግ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ይህን እድገት ከማሕፀን ውጭ ለመቀጠል ይገደዳል። በመጨረሻም፣ የሽፋኑ ሕዋሳት መከፈላቸውን ማቆም ሲገባቸው ሳያቆሙ ከቀሩ፣ ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የሕፃናት አንጎል ካንሰር አንድ ዓይነቱ ከእነርሱ ይነሣል። ስለዚህ የሽልን አስተዳደግ ማጥናት ለሥነ ሕይወት ተማሪ ብቻ ሳይሆን፣ ለሕፃናት ሐኪምም የሚጠቅም ትምህርት ነው።