ከዓይነ ስውራን ጋር ስንኖር የሚገባን ሥርዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንደ ተጻፈው፥ በርጤሜዎስ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ሆኖ ወደ ጌታ በጮኸ ጊዜ ሕዝቡ ዝም ያሰኘው ዘንድ ገሠጸው። ጌታችን ግን አስጠርቶ ፈቃዱን ጠየቀው። ይህን ማድረጉ የሰውየው ችግር ተሰውሮበት አይደለም፤ ሰውን አክብሮ ከራሱ አንደበት ሊሰማ ስለ ወደደ ነው እንጂ። እኛም ለዓይነ ስውራን የምናደርገው ርዳታ ሁሉ ከመጠየቅ ሊጀምር ይገባል።

በመቱና በጎሬ ዝናም በሚበዛበት ወራት መንገዱ ጭቃ፥ ቦዩም ሙሉ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከርኅራኄ የተነሣ ዓይነ ስውሩን ሳያናግር እጁን ይጎትታል፥ ወይም በትሩን ይይዛል። በድንገት የተጎተተ ሰው ግን ይደነግጣል፥ ይሰናከላልም። ስለዚህ አስቀድመን ሰላምታ ሰጥተን፥ ስማችንንም ነግረን፥ «ልምራዎትን?» ብለን እንጠይቅ። ከፈቀደ ክንዳችንን ይያዝ፤ እኛም ጥቂት ቀደም ብለን እንሂድ፤ ከቦይ ወይም ከደረጃ ስንደርስ ቆመን እንንገረው። አይሆንም ቢለን አንቀየም። ስንለየውም እንሰናበተው፤ ማንም በሌለበት ሲናገር መተው ነውር ነው። ዝናም ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፅ ይጠፋልና ያን ጊዜ ቀርበን እንናገር።

«ማን እንደ ሆንሁ ዕወቀኝ» እያሉ መፈተንም ጨዋታ አይደለም። ጉዳዩን ለሚመራው ልጅ ሳይሆን ለራሱ እንንገር። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማውንና በትሩን ካኖረበት ስፍራ አናንሣ። በሰው መሄጃ ላይ ድንጋይና ጆንያ መከመርም፥ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን የሚከለክለውን ትእዛዝ መተላለፍ ነው።

አንዳንዶች ዕውርነትን የኃጢአት ቅጣት ያደርጉታል፤ ጌታችን ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ይህን አሳብ አፍርሶታል። ሌሎችም ዓይነ ስውር ሁሉ ምጽዋት ፈላጊ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በጉባኤ ቤቶቻችን ትምህርቱ በቃል ስለሚጠና፥ ዜማንና ቅኔን ጠንቅቀው ለደቀ መዛሙርት ያስተማሩ ዓይነ ስውራን መምህራን ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም በ1952 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዓይነ ስውራን ስለ ጉዳያቸው ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጓል። እንግዲህ ሳንቲም ከመዘርጋታችን በፊት ሰውየው ማን እንደ ሆነ እንወቅ።

በርጤሜዎስን የገሠጸው ያው ሕዝብ፥ የጌታን ቃል ከሰማ በኋላ አጽናንቶ ጠራው። እኛም እስከ ዛሬ ዝም አሰኝተን እንደ ሆነ ከእንግዲህ አክብረን እንጥራ። ለዚህም ልዑል እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።