የኢንሱሊን ፓምፕ ተጠቃሚ በላስታ ተራሮች፦ የጤና ባለሙያው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

በላስታና አካባቢው የሚኖሩ የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊን የሚወስዱት በመርፌ ነው፤ ፓምፕ በአገራችን የተለመደ መሣሪያ አይደለም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ የገናን በዓል ለማክበር ከውጭ አገር ወደ ላሊበላ ከሚመጡት ኢትዮጵያውያን መካከል ፓምፕ የሚጠቀሙ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ የመሣሪያውን አሠራርና ሲቋረጥ የሚያስከትለውን አደጋ ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ፓምፑ ፈጣን ኢንሱሊንን ከቆዳ ሥር በገባ ቀጭን ቱቦ አማካይነት ቀንና ሌሊት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። በምግብ ሰዓት ታማሚው ተጨማሪ መጠን ያዝዛል። ቱቦው በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ይለወጣል። በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ስለማይኖር፣ ቱቦው ቢታጠፍ ወይም ባትሪው ቢያልቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኬቶአሲዶሲስ ሊከተል ይችላል። ስለሆነም ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን አተነፋፈስ ሲታይ፣ ላሊበላ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ብቻ ምልክቱን ለከፍታ፣ ለጉዞ ድካም ወይም ለጾም ሰጥቶ ማለፍ አይገባም። የደም ስኳርና የሽንት ኬቶን ወዲያውኑ ይመርመር። ስኳሩ ከ250 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. በላይ ከሆነና ኬቶን ከተገኘ፣ ማስተካከያው ኢንሱሊን በፓምፑ ሳይሆን በመርፌ ይሰጥ፤ ቱቦውም ይለወጥ። ኬቶአሲዶሲስ ከተረጋገጠ ፈሳሽና ኢንሱሊን ተጀምሮ ታማሚው ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። የፓምፑ መጠን እንደ ቀኑ ሰዓት ይለያያል። በገና ሰሞን ከዋሽንግተን የመጣ ሰው ሰዓቱን ካላስተካከለ የ8 ሰዓት ልዩነት ይኖረዋል፤ የሌሊቱን መጠን በቀን ይወስዳል ማለት ነው። በተጨማሪም ታማሚው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲል በመሣሪያው ላይ የሚታየው 9 ሰዓት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የስኳር ማነስ ነው። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ፣ ወይም ወደ ነአኩቶ ለአብ በእግሩ ተጉዞ እስከ ቅዳሴ ፍጻሜ ሳይበላ የቆየ ሰው፣ የፓምፑን መጠን ካልቀነሰ ለዚህ ይጋለጣል። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት አለበት። ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ፓምፑ ተነቅሎ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል። ሲነቃ ፓምፑን መልሶ መግጠም እንዳይዘነጋ። ስለ ጾሙ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር ማሳሰብም ተገቢ ነው።

ለጸበል ፓምፑ ቢወልቅ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ማንኛውም ተጠቃሚ መጠባበቂያ ኢንሱሊን፣ መርፌና የ24 ሰዓት መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት ሊይዝ ይገባል። መሣሪያው ቢበላሽ ሕይወቱን የሚያተርፈው በአካባቢው ጤና ጣቢያ የሚታወቀው ተራው መርፌ ነውና።